አንገቱ ሥር

ድሬዳዋ፣ ሰኔ፤ ከሌሊቱ ስምንት፣
ሙቀቱ እንደ እንግዳ ሳይሄድ ያመሸበት፣
ከጨርቃጨርቁ ጓሮ፣ ከቦይለሩ ቤት
ታንኩ ተጋድሟል እሳቱ ጠፍቶለት፤
ሆዱ ገና ሞቅ ያለ፣ ትንፋሹ የወጣለት።

ቅባቱን ቀብቼ፣ መለኪያዬን ይዤ
ሆዱን አሥራ ሁለት ቦታ ነካሁት።
አሥራ አንድ ነጥብ ሁለት። አሥራ አንድ። አሥር ተኩል።
ጻፍኩ፣ ደመርኩ፣ አካፈልኩ፤
«አማካዩ ይበቃል» አልኩ፣
እስክሪብቶዬን ከኪሴ ሸጎጥኩ።

ሮብሌ ከበርሜል ላይ ተቀምጦ ያያል።
ጡረታ ከወጣ ሰባት ክረምት አልፎታል፤
ዘበኛው ግን ዛሬም «ሼፍ» ብሎ ያስገባዋል።
ከባቡሩ አትልዬ ነው እጁን ያሟሸው፤
ብረትን በፈረንሳይኛ፣
እሳትን በሶማሊኛ የሚጠራው ሰው።

«አማካይ!» አለና ሳቀ። ሳቁ አልረዘመም።
«ደቻቱን አማካዩን ጠይቂው፤ አሸዋ ነኝ ይልሻል፣
ዓመቱን ደምረሽ ብታካፍይው ቁርጭምጭሚት አይደርስም።
በዚያች በአንዲት ሌሊት ግን…»
አልጨረሰውም። ድሬ ላይ ያንን ዓረፍተ ነገር ማንም አይጨርሰውም።

ቆይቶ፣ ለራሱ እንደሚያወራ፦
«ግፊት አያዳላም፤ የትም እኩል ይገፋል።
ብረቱ እጅ ለእጅ ተያይዞ፣ ዙሪያውን ተወጥሮ ይሸከማል።
ቀዳዳ ስትከፍቺ፣ ከሰልፉ አንዱን ስታወጪ፣
የእሱ ድርሻ የት ገባ ትያለሽ?
የትም አልጠፋ። ከጎኑ የቆመው ላይ ተጫነ።
ቀዳዳው ዳር ያለው የሁለት፣ የሦስት ሰው ሸክም ሆነ፣
ራቅ ብሎ የቆመው ግን እንደ ድሮው ነው፤
አልከበደውም፣ አልሰማም፣
ብትጠይቂውም ‹ሁሉ ደህና› ነው የሚልሽ።»

ተነሣ። ጉልበቱ እንደ አሮጌ ማጠፊያ ጮኸ።
በጠመኔ አንዲት ክብ አሰመረ፣
ከቧንቧው አንገት ሥር፣ ብየዳው ከሆዱ ከሚጋባበት፣
ቀለም ከማይደርስበት፣ መጥረጊያ ከማይገባበት፣
ውሃው ከውስጥ እየላሰ ዘመን ከቆጠረበት።
«እዚህ ለኪ።»

ቁጥሩ ዘለለ፣ አመነታ፣ ቆመ፦
ስድስት ነጥብ አራት።
ጠረግሁ፤ እንደገና አስቀመጥኩ።
ስድስት ነጥብ አራት።
ከሁሉ የሳሳው ነው ከሁሉ የሚሸከመው።

«በምን አወቁ?»
መልስ ሳይሰጠኝ እጆቹን አየ፤
አውራ ጣቱ ላይ የቆየ ቃጠሎ አለ።
«እኔ ነኝ የበሳሁት።
ዙሪያውን እንደ አንገትጌ የሚታቀፈው፣
የሚያግዘው ላሜራ ነበረ፤
በዚያ ሳምንት ከጅቡቲ ባቡር ቀረ።
ፋብሪካው ደግሞ እንፋሎት ይፈልጋል።
‹ለጊዜው› አሉኝ። ለጊዜው በየድኩ።
ለጊዜው፣ ይኸው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞላው።
ሳቢያን ላይ፣ ከቤቴ፣ ተኝቼ
የፋብሪካው ሳይረን በጮኸ ቁጥር
አንገቴን እዳስሳለሁ።»

ሲነጋ ሥራ አስኪያጁ አቶ ኅሩይ መጡ፣
ሸሚዛቸው ከወዲሁ ከጀርባቸው ተጣብቆ።
«ስንት ቀን ይቆማል?»
«ስድስት።»
«ለአንዲት ስንዝር?»
«ለአንዲት ስንዝር።»
ሮብሌ ባርኔጣውን አንሥቶ፣ ለማንም ሳይናገር
ከበሩ ባጃጅ ተሳፍሮ ሄደ።
«አማካይ» የሚለውን መስመር ሰረዝኩት፤ ፈረምኩ።

የሌሊት ፈረቃ ሲለቀቅ
ከትልቁ በር አንዱ መዝጊያ እንደተለመደው ተጣብቆ ነበር።
ሦስት መቶ ሰው ወደ ግማሿ በር ፈሰሰ፤
መሃል ያሉት እያወሩ፣ እየሳቁ ያልፋሉ።
አንዲት የፈትል ክፍል ልጅ ግን ከመቃኑ ጋር ተጣብቃ፣
ምሳ ዕቃዋን ከደረቷ አጥብቃ፣
ትከሻዋን ለብረቱ፣ ጎኗን ለሰዉ ሰጥታ
ጥርሷን ነክሳ ትጠብቃለች።
ስሟን አላውቅም።
ጠመኔው ከጣቴ ገና አልለቀቀም ነበር።